ቀጭን ቆዳ ያለው ውሻ እግሩ ሲላጥ፦ የግሬይሃውንድ የእግር ጭረት መከላከያና ማከሚያ

በባሕር ዳር የጣናን ዳር ተከትሎ በሚሄደው መንገድ ውሻዬን መብረቅን ይዤ ስወጣ ከሁሉ በፊት የሚገጥመኝ ጥያቄ «ይህን እንስሳ ምነው አታበላውም?» የሚል ነው። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ ወገቡ የቀጠነ፣ እግሩ የረዘመ ነው። ጠያቂዎቹ ከርኅራኄ ተነሥተው ነውና አልቀየማቸውም፤ ሆኖም መብረቅ ግሬይሃውንድ ከሚባለው የሩጫ ውሻ ዘር ነው፤ ግሬይሃውንድ ጠግቦም ጤነኛ ሆኖም መልኩ ይኸው ነው። ይህ ሰውነት በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር ለሚደርስ ሩጫ የተመቸ ሲሆን፣ ለአጋም እሾህና ለቆርቆሮ አጥር ግን ፈጽሞ የተመቸ አይደለም።

በቆዳው ሥር ያለው ስብ እጅግ ጥቂት ነው፤ ቆዳው ስስ፣ ጠጉሩም አጭር ነው። የአገራችን የግቢ ጠባቂ ውሻ ጥቂት ጠጉር ጥሎ የሚሾልክበት ሽቦ የግሬይሃውንድን ቆዳ ልጦት ያልፋል። ጉዳቱ የሚበዛው በፊት እግሩ ቅልጥም ላይ፣ ከፊት እግሩ አንጓ በስተኋላ ባለችውና ከሩጫ ሊቆም ሲል መሬት በምትነካው ትንሽ የቆዳ ትራስ ላይ፣ በኋላ እግሩ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ እንዲሁም ከመዳፉ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል በሚበቅለው ጥፍር ዙሪያ ነው። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንደሚባለው፣ የተላጠችው ቦታ የአውራ ጣት ጥፍር ብታህልም እንኳ መግል የሚያመጣው ተዋሲ (ጀርም) የሚገባው በእርሷ ነው።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው የላይኛው ቆዳ ብቻ የተፋቀበትን፣ ጥቂት የሚያዥ ወይም ትንሽ የሚደማ ጭረትን ነው። ዳርና ዳሩ ተለያይቶ የተከፈተ፣ ከሥሩ ሥጋ የሚታይበት፣ ወይም በጥርስ የተወጋ ቁስል ከመመሪያው ውጭ ነውና ስለ እርሱ ወደ መጨረሻው የተጻፈውን ይመልከቱ። የተጻፈው በተለይ ለግሬይሃውንድ ቢሆንም፣ ጠጉረ አጭርና ከሲታ ለሆነ ማንኛውም ውሻ ያገለግላል።

ግቢውንና የሩጫ ቦታውን ማስተካከል

በመጀመሪያ አጥሩን በውሻው ቁመት መመርመር ያስፈልጋል። ቆሞ የሚያይ ሰው የማይታየው ብዙ ነገር አለ፤ ስለዚህ ተንበርክከው ከመሬት እስከ ወገብዎ ድረስ ያለውን የአጥሩን ክፍል በእጅዎ እየዳበሱ ይዙሩ። በከተሞቻችን ያለው አጥር በአብዛኛው ቆርቆሮ፣ የባሕር ዛፍ አጣና ወይም እሾሃማ ሽቦ ሲሆን፣ እያንዳንዱ የራሱ ጉዳት አለው። ቆርቆሮው ከታች መሬት ሳይነካ ከቀረ ውሻው ውጭ ያለውን ለማየት መጀመሪያ አፍንጫውን፣ ቀጥሎም እግሩን ይሰድበታል፤ እግሩን መልሶ ሲስብ ይላጣል። መፍትሔው ክፍተቱን በድንጋይ መድፈን፣ ስለታሙን ጠርዝ ደግሞ ያረጀ የውኃ ጎማ በርዝመቱ ሰንጥቆ ማልበስ ነው። እኔ ካደረግሁት የመከላከል ሥራ ሁሉ ዋጋው ያነሰና ጥቅሙ የበዛ ይህ ነው። አጣናው የተመታበት ምስማር ጫፉ ወደ ውስጥ ያፈነገጠ እንደሆነ ይቆልመም። እሾሃማ ሽቦው ከውሻው ትከሻ በታች ካለ ይነሣ፤ መነሣት ካልቻለ ፊት ለፊቱ ሌላ መከለያ ይደረግለት።

በግቢው ወይም በአጠገቡ ግንባታ ካለ የፌሮ ቁራጭ፣ ፌሮ የሚታሰርበት ጥቁር ሽቦና የተነቀለ ምስማር በየቀኑ መሰብሰብ አለበት። ሠራተኞቹን በትሕትና ለምኖ አንድ ባዶ ጆንያ ለሽቦ መጣያ ማስቀመጥ ከአንድ ሳምንት ሕክምና ይሻላል።

የሚሮጥበት ቦታ ምርጫ ከወቅቱ ጋር ይለዋወጣል። በክረምት እርጥብ ኮብልስቶን ያንሸራትታል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል በቆሎ ከተነሣ በኋላ ማሳው ክፍት ሜዳ መስሎ ያባብላል፤ ነገር ግን በሰያፍ የተቆረጠው የአገዳ ጉቶ እንደ ጦር የቆመ ነውና በሙሉ ፍጥነቱ ለሚሮጥ ውሻ ከሁሉ የከፋው ቦታ እርሱ ነው። በአዊ በኩል በእንጅባራ ዙሪያ ለከሰል የሚለማው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ተቆርጦ ጉቶው የቀረበት መሬትም እንዲሁ ነው። አጋምና ቀጋ የበዛበትን ዳገት፣ ግራር የተገረዘበትን ሜዳም ይተዉት። ውሻውን ከመፍታትዎ በፊት ሜዳውን ራስዎ በእግርዎ አንድ ጊዜ ይዙሩት፤ ለ10 ደቂቃ ያህልም በማሰሪያ አራምደው ጡንቻውን ያሙቁ። ሰውነቱ ሳይሟሟቅ የሚፈተለክ ውሻ እግሩ ከእግሩ ይጋጫል፤ በኋላ እግሩ ጥፍር የፊት እግሩን የሚቧጭረውም በአብዛኛው ያን ጊዜ ነው።

ስለ ጥፍሩ ጥቂት ልጨምር። በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ይከርከም፤ ጥቁር ጥፍር ውስጡ ያለው ደም ሥር ስለማይታይ በስሱ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይቆረጥ። ደም ከወጣ ጥቂት የበቆሎ ዱቄት ጫፉ ላይ አድርጎ ተጭኖ መያዝ ይበቃል። ከመዳፉ በላይ ያለው ጥፍር መሬት ስለማይነካ በራሱ አያልቅም፤ ብዙ ሰው የሚረሳውና በየቁጥቋጦው እየተጠለፈ የሚገነጠለው እርሱ ነው።

በቤት ውስጥ ሴራሚክ ወለል ካለ በሚመላለስበት መስመር ምንጣፍ ይነጠፍለት። በሲሚንቶ ላይ የሚተኛ ግሬይሃውንድ ክርኑና ቁርጭምጭሚቱ በራሱ ክብደት ይላጣል፤ በጤፍ ገለባ ጠቅጠቅ ተደርጎ የተሞላ ጆንያ፣ ገለባው በየጊዜው እየተቀየረ፣ ከተገዛ ፍራሽ የማያንስ መኝታ ነው።

አስቀድሞ መዘጋጀት ያለበት ዕቃ

ጉዳት ከደረሰ በኋላ ፋርማሲ መፈለግ ጊዜ ይፈጃል፤ በተለይ ከከተማ ወጣ ብሎ ለሚኖር ሰው። ክዳን ባለው አንድ ሣጥን ውስጥ ንጹሕ ጎዝ፣ ፋሻ፣ የጨርቅ ፕላስተር፣ ጥጥ፣ መርፌው የተነሣለት ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ጫፉ ደብዛዛ የሆነ መቀስ፣ የእጅ ጓንት፣ አንድ ጠርሙስ ኖርማል ሳላይን (ለቁስል ማጠቢያ የሚሆን ጨዋማ ውኃ)፣ ፖቪዶን አዮዲን የተባለው የቁስል ማጽጃ እና ውሻው ቁስሉን እንዳይልስ የሚጠለቅለት የአንገት ከለላ ይኑር። የአንገት ከለላ በገበያ ካልተገኘ ከላስቲክ ባልዲ ሊሠራ ይችላል፤ የባልዲው ታች በአንገቱ ልክ ይቆረጥና ጠርዙ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከአንገት ማሰሪያው ጋር በገመድ ይያያዛል። ውሻው ገና ደኅና ሳለ ለጥቂት ደቂቃ እያደረጉለት ቢያለማምዱት፣ የታመመ ዕለት ከእርሱ ጋር አይታገሉም።

ጉዳት ሲደርስ፦ እርምጃ በእርምጃ

አንደኛ፣ ውሻውን ማረጋጋት። ግሬይሃውንድ ገር ነው፤ ሆኖም ሕመም የተሰማው ውሻ ጌታውንም ሊነክስ ይችላል። አንድ ሰው ራሱንና ደረቱን አቅፎ በለሰለሰ ድምፅ ያባብለው፤ ሌላው እግሩን ይያዝ። ካስፈለገ አፉ በፋሻ ላላ ተደርጎ ይታሰር፤ የሚያስመልሰው ወይም አጥብቆ የሚያለከልክ ውሻ ግን አፉ መታሰር የለበትም። እጅዎን በሳሙና ታጥበው ጓንት ያጥልቁ።

ሁለተኛ፣ ደሙን ማቆም። ንጹሕ ጎዝ ቁስሉ ላይ አድርገው በመዳፍዎ ጫን ብለው 5 ደቂቃ በሰዓት ቆጥረው ይያዙ፤ በመካከሉ «ቆሟል ወይ?» ብለው አያንሡት፤ የረጋውን ደም መልሶ ይከፍተዋልና። ጎዙ ከራሰ ሳያነሡ በላዩ ይደርቡ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ያልቆመ ደም የሐኪም ጉዳይ ነው።

ሦስተኛ፣ ጉዳቱን መመርመር። በደንብ ብርሃን ባለበት ቦታ ሆነው ቁስሉ ምን ያህል እንደሰፋ፣ እሾህ ወይም ስንጥር እንዳለበት፣ ውሻው እግሩን ረግጦ ይሄድ እንደሆነ ይዩ። በጣትዎ ዳርና ዳሩን በዝግታ ሲለዩት የሚከፈት ከሆነ ቆዳው ተቀድዷል እንጂ አልተላጠም፤ መሰፋት የሚያስፈልገው ቁስል ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሐኪም ዘንድ ቢደርስ መልካም ነው። አንድ ቦታ ሲላጥ ሌላ ቦታም ሊጎዳ ስለሚችል አራቱንም እግሮች፣ የጣቶቹን መሐል ጭምር ይመልከቱ።

አራተኛ፣ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ጠጉር መከርከም። መቀሱን በውኃ ካራሱት የተቆረጠው ጠጉር ቁስሉ ውስጥ ሳይገባ መቀሱ ላይ ይጣበቃል። በምላጭ አይላጩት፤ ስስ ቆዳ ላይ ሌላ ጭረት ይጨምራል።

አምስተኛ፣ ማጠብ። በዚህ እርምጃ ላይ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ሆን ብዬ ነው፤ ቀላል ጭረትን ከሚቀባው ነገር ሁሉ ይልቅ የሚያድነው በሚገባ መታጠቡ ነው ብዬ አምናለሁ። ጭቃና ድቡሽት ካለው መጀመሪያ በንጹሕ የቧንቧ ውኃ ይለቅለቅ። የሐይቅ፣ የወንዝ ወይም የኩሬ ውኃ፣ ምንም ኩልል ብሎ ቢታይ፣ ለቁስል አይሆንም። ቀጥሎ በኖርማል ሳላይን ይታጠብ፤ ይህ ከሌለ በቤት ማዘጋጀት ይቻላል። አንድ ሊትር ውኃ ያፍሉ፤ 9 ግራም፣ ማለትም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያልተከመረ ደቃቅ ጨው ይጨምሩበት፤ ከድነው ያቀዝቅዙት። እዚህ ላይ የአገራችንን ከፍታ ማሰብ ይገባል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆኑ ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባነሰ ሙቀት ነው፤ በደብረ ማርቆስ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ሙሉ ይቆይ። የተረፈው በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋ።

ጨዋማው ውኃ ለእጅ ለብ ያለ መሆኑን አረጋግጠው በሲሪንጁ እየሳቡ ከቁስሉ መካከል ወደ ዳር እንዲፈስ አድርገው ይርጩት። ለመዳፍ ያነሰ ጭረት ቢያንስ ሩብ ሊትር ይፍሰስበት። ጥጥ ክሩን ቁስሉ ላይ ስለሚተው ለመጥረጊያ ጎዝ ይጠቀሙ፤ አይፈትጉ፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ ያድርቁ። ከዚያም 10 በመቶ ከሆነው ፖቪዶን አዮዲን አንድ እጅ በ10 እጅ የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ አቅጥነው፣ ቀለሙ ቀጠን ያለ ሻይ ሲመስል፣ በጎዝ ያርከፍክፉበትና ሁለት ደቂቃ ቆይተው ያድርቁ። ሳይቀጥን የተደረገ አዮዲን አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ይጎዳል፤ «ሲበረታ ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ አይሠራም። ውሻው ለብርድ ደካማ ስለሆነ፣ በተለይ በጮቄ ተራራ ዙሪያ ባለው ደጋ፣ ከታጠበ በኋላ እግሩን አድርቆ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ማልበስ አይዘንጋ።

ስድስተኛ፣ ቁስሉ ላይ ምን እንደማይደረግ ማወቅ። ለከብትም ለሰውም ሲደረግ ያየነውን ለውሻችን ማድረግ ይቀናናል። የቡና ዱቄት፣ አመድና ትንባሆ ቁስሉን ያቆሽሻሉ፤ ነጭ ጋዝ፣ የመኪና ዘይት፣ አረቄ፣ በረኪና እና ዴቶል ሕይወት ያለውን ሥጋ ያቃጥላሉ፤ ውሻው ሲልሳቸውም ይመርዙታል። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ቁስል ማከሚያ መስለው በየቤቱ ይገኛሉ፤ ሁለቱም መዳንን ያዘገያሉ። ጂቪ የሚባለው ሐምራዊ ቀለም ቅላቱንና መግሉን ሸፍኖ ለውጡን እንዳናይ ያደርገናል። ዚንክ ያለበት የሕፃናት ቅባት ሲላስ ይመርዛል፤ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ደግሞ ቁስሉን ያቆየዋል።

ስለ ማር ሳልናገር ማለፍ አይቻለኝም፤ የጎጃም ሰው ነኝና። ማር ተዋሲን የመግታት ኃይል እንዳለው እውነት ነው፤ ለቁስል ተብሎ የሚዘጋጅ ማርም አለ። ይህ ለቁስል የሚዘጋጀው ማር ግን በጨረር ከተዋሲ የጸዳ ሲሆን፣ ከቀፎ ወጥቶ በጣሳ የተቀመጠው ማር ሰምና ቆሻሻ፣ አንዳንዴም የማይታዩ የተዋሲ ዘሮች ይኖሩበታል። በዚያ ላይ ውሻው ጣፋጩን ለማግኘት ቁስሉን ያለ ዕረፍት ይልሰዋል። ስለዚህ ለቀላል ጭረት ማሩ ለምግብነት ቢቀመጥ እመርጣለሁ።

ሰባተኛ፣ መላሱን ማስቆም። «ምላሱ መድኃኒቱ ነው» ሲባል ሰምተን አድገናል። እንደ እውነቱ ከሆነ የውሻ ምላስ ሻካራ ነው፤ አፉም ተዋሲ የሞላበት ነው፤ በሌሊት ለሁለት ሰዓት የተላሰ ጭረት በማለዳ እጥፍ ሆኖ ይገኛል። የአንገት ከለላው ውሻው ሲበላ ወይም እርስዎ አጠገቡ ተቀምጠው ሲያዩት ብቻ ይወልቅ። ለመጀመሪያው ቀን ይተክዛል፤ ልብዎ ቢራራም አያውልቁለት።

ስምንተኛ፣ ማሰር ወይም አለማሰር። ትንሽና ደረቅ ጭረት ክፍት ሆኖ ንጹሕ ቤት ውስጥ ቢውል ይሻላል። የሚታሰረው ቁስሉ መዳፍ አጠገብ ሲሆን፣ ጭቃና ዝንብ ሲበዛ ወይም ውሻው ለመውጣት ሲገደድ ነው። መጀመሪያ የማይጣበቅ የቫዝሊን ጎዝ፣ ቀጥሎ ስስ የጥጥ ድርብ፣ በመጨረሻም ፋሻ ይደረግ። ጥቅለላው ከመዳፉ ጀምሮ ወደ ላይ ይውጣ እንጂ ከመሐል አይጀመር፤ ከመሐል የተጀመረ ፋሻ ከታች ያለውን እግር ያሳብጣል። የመካከለኛዎቹ ሁለት ጣቶች ጫፍ ይታይ፤ ትንሿ ጣትዎ በፋሻው ሥር ሳትጨነቅ ትግባ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ካበጡ ወይም ውሻው ፋሻውን በጥርሱ መጎተት ካበዛ ወዲያው ይፈታ። በገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ ፈጽሞ አያስሩ፤ ጠጉር ውስጥ ተሰውሮ እግር እስከ መቁረጥ የሚደርስ ጉዳት ያመጣል። በዝናብ ሲወጣ በላዩ ፌስታል ማጥለቅ ይቻላል፤ ቤት እንደገባ ግን ይውለቅ። ፋሻው በየቀኑ፣ ከራሰ ደግሞ በዚያው ሰዓት ይቀየር።

የሚቀጥሉት ቀናት

በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ በሳላይን ይጠቡና ያድርቁ። በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ማዣቱ ቆሞ ቅርፊት ይይዛል፤ ቅርፊቱን አይላጡት። ከደረቀና ከተሰነጠቀ ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት ቫዝሊን በስሱ ማስነካት ይበቃል። ቀላል ጭረት ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይድናል። ዕለት ዕለት በስልክ ፎቶ ማንሣት ለውጡን ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ ዐይን ትናንት ያየውን በትክክል አያስታውስምና።

በክረምት ወራት ዝንብን በተለይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እርጥብ ቁስል ላይ የተጣለ የዝንብ እንቁላል በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ውሻው ውጭ የሚያድር ከሆነ እስኪሽር ድረስ ቤት ይደር።

ሕመሙን ለማስታገስ በቤት ያለውን የሰው ክኒን መስጠት ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ፤ ፓራሲታሞልም ጉበቱን ሊያጠፋ ይችላል። ቀላል ጭረት ማስታገሻ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ከሆነ ጭረቱ ቀላል አይደለም ማለት ነው።

ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ የሚያስፈልግበት ጊዜ

ዙሪያው ካበጠና ከሞቀ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ከመጣ፣ ውሻው ማነከሱን ካላቆመ፣ ምግብ ከተወ፣ ወይም የሰውነቱ ሙቀት ከ39.2 ዲግሪ ካለፈ በአቅራቢያዎ ወዳለው የእንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት። ግሬይሃውንድ ከጉዳት ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደሙ ቆሞ ሳለ ከአንድና ሁለት ቀን በኋላ እንደገና ሊደማና ቆዳው ሊበልዝ እንደሚችል ይታወቃል፤ ስለዚህ ሦስተኛው ቀን እስኪያልፍ ድረስ ክትትልዎ አይላላ። መስፋት ካስፈለገ ለሐኪሙ የውሻውን ዘር ይንገሩ፤ ስቡ ጥቂት ስለሆነና ጉበቱም አንዳንድ ማደንዘዣዎችን ቀስ ብሎ ስለሚያስወግድ ቲዮፔንታል ከተባለው ማደንዘዣ ለመንቃት ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል። በአብዛኛው ከብት የሚያክም ባለሙያ ይህን ዘር አይቶ ላያውቅ ይችላልና፣ መረጃውን በአክብሮት ማቅረብ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው።

ሌሊት ተፈትቶ ያደረና በማለዳ እግሩ ቆስሎ የተገኘ ውሻ ሌላ ጉዳይ ነው። ጅብ፣ ቀበሮ ወይም የማይታወቅ ውሻ ነክሶት ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ የሚታይበት የጥርስ ቁስል ከውስጥ የሰፋ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ያለ በሽታ ስለሆነ፣ ጓንት ሳያደርጉ አይንኩት፤ ውሻው የተከተበ ቢሆን እንኳ ሳይዘገይ ለሐኪም ያሳዩት፣ ተጨማሪ ክትባት ያስፈልገዋልና። ምራቁ የእርስዎን ጭረት ከነካ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ታጥበው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ወደ ሩጫ መመለስ

ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ ረግፎ ከሥሩ ጽጌረዳማ፣ ደረቅ ቆዳ ሲታይ ቁስሉ ተዘግቷል፤ አዲሱ ቆዳ ግን ገና ከቀድሞውም የሳሳ ነው። ለተጨማሪ አንድ ሳምንት በማሰሪያ ብቻ፣ በለስላሳ ሣር ላይ ያንሸራሽሩት፤ ከዚያም መጀመሪያ አጭር ሩጫ ፈቅደው፣ እንደተመለሰ ቦታውን በጣትዎ ዳብሰው እንዳልሞቀና እንዳላዠ ያረጋግጡ። በተላጠው ቦታ የሚበቅለው ጠጉር አንዳንድ ጊዜ ነጭ ሆኖ ይመጣል፣ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ አይመለስም፤ የመብረቅ የግራ ቅልጥም ላይ የጣት ስፋት ያለው መላጣ ቦታ ከቆርቆሮው አጥር ዘመን ጀምሮ አለ፤ ቆዳው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ይህ ሕክምና አያሻውም።